ከትንሽ እርሻ የመጣ ወይን ከፋብሪካው ወይን በምን ይለያል? ጅማ ላይ ሆኖ ገዝቶ፣ ቀምሶ፣ ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ መመሪያ

ጅማ ላይ የወይን ወሬ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚለው «ቡና ያለው ሰው ወይን ምን ያደርግለታል» ነው። እኔ ደሞ ቡና ስላለን ነው ወይን ቶሎ የሚገባን ባይ ነኝ። ሊሙ ኮሳ ከአንድ ሰው ማሳ ተለቅሞ ለብቻው የደረቀ ቡናና ከየወረዳው ተሰብስቦ «ጅማ 5» ተብሎ በጆንያ የሚጫነው ቡና አንድ እንዳልሆነ እዚህ ያደገ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። የምርት ገበያው፣ ኢሲኤክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመጣ በኋላ አብዛኛው የነጋዴ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል ገዢው ጋ ሲደርስ የማን ማሳ እንደሆነ አይታወቅም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አሠራሩ ሲቀየር ነው ቡናው እስከ ምንጩ ድረስ ስሙን ይዞ መሄድ የቻለው። አጋሮ አካባቢ ያሉ ማህበራት ስማቸው ውጭ አገር የተጠራው ቡናቸውን ለብቻው አጥበው ለብቻው ስለሸጡ ነው እንጂ ከሌላው የተለየ ዝናብ ስለዘነበላቸው አይደለም። ወይን ላይም ጥያቄው ይኸው ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የአንድ ቦታና የአንድ ዓመት ምርት ነው ወይስ የሁሉም ቦታ ድብልቅ?

ቤታቸው መጠጥ የማያስገቡ ብዙ የጅማ ሰዎች አሉ፣ እሱ የማያከራክር ነው፣ ለነሱ ከታች ያለውን የመቅመስ ዘዴ ሙሉ በሙሉ በማርና በቡና መሥራት ይቻላል፣ የጌራ ጫካ ማርና ሱቅ ያለውን የተደባለቀ ማር አስቀምጣችሁ ሞክሩት። ለሚጠጣው ግን እንቀጥል።

መጀመሪያ፦ ፋብሪካው ምን እንደሚሠራ እወቁ

በብዛት የሚመረት ወይን ማለት መጥፎ ወይን ማለት አይደለም፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ፋብሪካው የሚፈልገው ዘንድሮ የገዛችሁትና የዛሬ ሶስት ዓመት የምትገዙት አንድ አይነት ጣዕም እንዲኖረው ነው፣ ደንበኛው እንዳይደናገር። ለዚህ ሲባል ፍሬው ከብዙ ቦታ ይሰበሰባል፣ አብዛኛውን ጊዜ በማሽን ይለቀማል፣ ትልልቅ የስቲል ታንከር ውስጥ ገብቶ በተገዛ እርሾ ይፈላል፣ አሲዱ ካነሰ አሲድ ይጨመርበታል፣ ቀለሙ ከሳሳ ጠቆር ያለ የወይን ኮንሰንትሬት (የወፈረ ጭማቂ) ጠብ ይደረግበታል፣ የበርሜል ሽታ ከተፈለገ ደሞ በርሜል ውስጥ ወራት ከማስተኛት ይልቅ የኦክ እንጨት ስንጥር ታንከሩ ውስጥ ይነከራል፣ ይሄን የአውሮፓ ህብረት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ፈቅዶታል፣ ስለዚህ ማጭበርበር ነው ማለት አይቻልም። መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስኳር ይተውበታል። ስኳር ብዙ ነገር ይሸፍናል፣ ስኳር የበዛበት ማኪያቶ ውስጥ ያለው ቡና ያረረ ይሁን ጥሩ ማን ያውቃል።

ትንሹ እርሻ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የወይን ሐረግ ተተክሎ ለወይን የሚሆን ፍሬ የሚሰጠው ሶስተኛው ዓመት ገደማ ነው፣ ለአንድ ጠርሙስ ደሞ አንድ ኪሎ ወይም ትንሽ ከዛ በላይ ፍሬ ይሄዳል። ሐረጉ ላይ ብዙ ዘለላ ከተተወ ፍሬው በዝቶ ጣዕሙ ይሳሳል፣ ስለዚህ ጥሩ ገበሬ አረንጓዴ እያለ ከዘለላው ግማሹን ቆርጦ መሬት ላይ ይጥላል፣ የራሱን ብር እየጣለ ማለት ነው። ለፋብሪካ በቶን ለሚሸጥ ገበሬ ይሄን ብትነግሩት ይስቅባችኋል።

ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማወቅ ፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚባለውን አካባቢ ማየት ይበቃል። ሮማኔ ኮንቲ የሚባለው ዝነኛ የወይን ማሳ 1.8 ሄክታር ነው፣ ጎማ ወረዳ ከዚህ ሰፋ ያለ ቡና ያለው ገበሬ አይጠፋም። እዛው አካባቢ ክሎ ዴ ቩዦ የሚባል 50 ሄክታር ገደማ ማሳ አለ፣ ባለቤቶቹ 80 አካባቢ ናቸው፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1889 ለበርካታ ገዢዎች ተከፋፍሎ ከተሸጠ በኋላ መሬቱ በሽያጭና በውርስ እየተቆራረሰ ነው የመጣው። አንድ አጥር ውስጥ ሆኖ የዚህኛውና የዛኛው ሰው ወይን ይለያያል፣ አንዱ ከላይ ተዳፋቱ ላይ ነው ሌላው ከታች ውሃ የሚተኛበት፣ አንዱ ይጠነቀቃል ሌላው በስሙ ብቻ ይሸጣል። ይሄ የመጨረሻው ነገር አስፈላጊ ነው፣ ትንሽ መሆን ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም፣ ትንሽ ሆኖ ሰነፍም ሞልቷል።

ቀጥሎ፦ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ

እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ቀምሶ መግዛት የለም። ፊት ለፊት ያለውን ሥዕል እርሱት፣ የሻቶ (የፈረንሳይ የወይን እርሻ ግንብ) ሥዕል፣ ወርቃማ ሜዳሊያ፣ ታቹ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከባድ ጠርሙስ፣ እነዚህ ሁሉ ለማማለል ናቸው። ጠርሙሱን አዙራችሁ በትንሹ የተጻፈውን ፈልጉ፣ ማን አመረተው፣ የት ታሸገ።

የፈረንሳይ ከሆነ «ሚ ዛን ቡተይ ኦ ዶሜን» ወይም «ኦ ሻቶ» ተብሎ የሚነበብ ነገር ካለ ወይኑ የታሸገው እርሻው ላይ ነው ማለት ነው፣ ከሌለና ጠርሙሱ ላይ ያለው የአንድ ነጋዴ ድርጅት ስም ብቻ ከሆነ ፍሬው ወይም ወይኑ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። ሻቶ ስለተባለ ግን ትንሽ ነው አትበሉ፣ ቦርዶ ውስጥ በጣም ሰፋፊ ሻቶዎች አሉ። የጣሊያን ከሆነ «ኢምቦቲልያቶ አሎሪጂኔ» የሚል ይፈለጋል። የአሜሪካ ከሆነ «ኢስቴት ቦትልድ» (እርሻው ላይ የታሸገ) ጠንከር ያለ ቃል ነው፣ «ቪንትድ ባይ» ወይም «ሴላርድ ባይ» የሚለው ደሞ ያን ያህል ምንም አይነግራችሁም። ሻምፓኝ እጃችሁ ከገባ፣ ያው ሠርግ ላይ ካልሆነ የት ይገኛል፣ ሌብሉ ጠርዝ ላይ በጣም ደቃቅ ሁለት ፊደል አለች፣ አር ኤም ከሆነ ገበሬው የራሱን ፍሬ ራሱ የሠራው ነው፣ ኤን ኤም ከሆነ ፍሬ የሚገዛ ቤት ነው።

እኛ አገር ሱቆች ውስጥ በብዛት የምታገኙት ግን የደቡብ አፍሪካ ነው፣ ስለዚህ እሱን በደንብ ልንገራችሁ። እዛ አገር «ሲንግል ቪንያርድ» የሚለው ቃል ዝም ተብሎ አይለጠፍም፣ ማሳው መመዝገብ አለበት፣ ስፋቱም ከ6 ሄክታር መብለጥ የለበትም። አንገቱ ላይ የምትለጠፈው የማረጋገጫ ወረቀት ቁጥር አላት፣ ቁጥሯ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ይፈተሻል። ሌላም አለ፣ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዛ በላይ ከሆነ ሐረጎች የተሠራ ወይን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ «ሰርቲፋይድ ሄሪቴጅ ቪንያርድስ» የሚል ምልክት መለጠፍ ተጀምሯል፣ ሐረጉ የተተከለበት ዓመት አብሮ ይጻፋል። ያረጀ ሐረግ የሚሰጠው ፍሬ ትንሽ ነው፣ ጣዕሙ ግን የተሰበሰበ ነው። በተቃራኒው ሌብሉ ላይ «ዌስተርን ኬፕ» ብቻ የሚል ካገኛችሁ ቦታው በጣም ሰፊ ነው፣ ከየትም ከየትም የተሰበሰበ ፍሬ ሊሆን ይችላል፣ ቦታው እየጠበበ በሄደ ቁጥር፣ ስቴለንቦሽ፣ ከዛ የአንድ ሰፈር ስም፣ ከዛ የአንድ ማሳ ስም፣ ወደ ገበሬው እየቀረባችሁ ነው።

«ሪዘርቭ» የሚለው ላይ አትሸወዱ። ስፔን ውስጥ «ሬዘርቫ» የተባለ ቀይ ወይን ቢያንስ ሶስት ዓመት መቆየት አለበት፣ ከዛ ውስጥ አንዱ ዓመት በርሜል ውስጥ፣ በሕግ ነው። አሜሪካና አውስትራሊያ ግን ማንም ሰው የፈለገው ጠርሙስ ላይ ይጽፈዋል። «ሰልፋይት (ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር) አለው» የሚለውም ምንም አይለይም፣ ትልቁም ትንሹም ላይ ይጻፋል። ቡሽ ሳይሆን የሚጠመዘዝ ክዳን ስላለውም ርካሽ ነው ብላችሁ አትለፉት።

የአገራችንስ? የአዋሽ ወይን እነ ጉደር፣ እነ አክሱማይት፣ ከድሮ ጀምሮ የምናውቃቸው የፋብሪካ ወይኖች ናቸው፣ አክሱማይት ጣፋጭ ስለሆነ በግብዣ ላይ ይወደዳል። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የሚባለው፣ የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል የተከለው እርሻ ላይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ገበያ ላይ የወጣው፣ እርሻው ከ100 ሄክታር በላይ ስለሆነ ትንሽ አይባልም፣ ግን ፍሬው የአንድ ቦታ ነው፣ ጠርሙሱ ላይም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን እያለ የወይኑን ዝርያ ይነግራችኋል፣ ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ የቀረበ ነገር የለም።

ዋጋ ላይ አንድ ነገር። ከውጭ የሚገባ ወይን ላይ ቀረጡ፣ ኤክሳይዙ፣ ትራንስፖርቱ ተጨምሮ ስለሚመጣ ሁለት እጥፍ የተወደደው ሁለት እጥፍ ይሻላል ማለት አይደለም። ባለሱቁን ጠይቁት። «ወንድሜ፣ ይሄን ማነው የሚያስመጣው? ከዚሁ እርሻ ሌላ ዓመት አለህ?» ስትሉት ካወቀ ይነግራችኋል፣ ካላወቀም ቢያንስ ከመደርደሪያው ላይ መስኮት ዳር ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አያነሳላችሁም።

ጅማ ድረስ ማምጣት

ጅማ ያሉት ሱፐርማርኬቶች ምርጫቸው ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ከአዲስ አበባ ነው የሚያመጣው። 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን የጊቤ በረሃ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ጊቤ ስትደርሱ ሻንጣ ውስጥ ያለ ጠርሙስ ይቀቀላል፣ ሙቀት የበላው ወይን ደሞ የተቀቀለ ፍራፍሬ ሽታ ያመጣል፣ አንዳንዴ ቡሹ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ በጠዋቱ መኪና ላኩ፣ ጋቢና ሞተሩ አጠገብ አይቀመጥ፣ ፎጣ ወይ ጋቢ ይጠቅለልበት፣ ሲደርስ የዛኑ ማታ አትክፈቱት። ሁለት ሶስት ቀን ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይረፍ፣ አልጋ ስር ይሆናል፣ ቡሽ ያለው ብዙ ከቆየ በጎኑ ይተኛ። ከኩሽና ራቅ።

አሁን መቅመሱ

ብቻችሁን አትቅመሱ፣ አይገባችሁም፣ አራት አምስት ሆናችሁ ተዋጡና ሁለት ጠርሙስ ግዙ፣ ዝርያው አንድ ይሁን፣ አገሩም አንድ ይሁን፣ ለምሳሌ ሁለቱም የደቡብ አፍሪካ ሺራዝ (ያው ሲራ ነው)፣ አንዱ ከትልቅ ፋብሪካ፣ አንዱ ከአንድ ማሳ። ዝርያው ከተለያየ የምትቀምሱት የዝርያውን ልዩነት ነው፣ የአመራረቱን አይደለም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለሰው 50 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ 15 ቅጂ ይወጣዋል፣ ይተርፋል።

ሰዓቱን አስቡበት። ከሰዓት በኋላ ጫት ከተቃመ በኋላ አፍ ደርቆ ምላስ ይያያዛል፣ ያኔ የሚቀመስ ነገር የለም፣ ከሱ በፊት ይሁን። ቡና እየተፈላ ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም አይሆንም፣ ሽቶም አትቀቡ፣ ሚጥሚጣም በኋላ ይደርሳል። ምሳ ሰዓት ላይ ደረቅ ዳቦና ውሃ ይበቃል።

ሙቀቱን አስተካክሉ። ቀይ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ነጭ ከ8 እስከ 12 ነው የሚባለው። ክረምት ላይ ጅማ ማታ ቤቱ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ቀዩ ምንም አይፈልግም፣ በጋ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። ነጩን መብራት ከመጥፋቱ በፊት አስገቡት። በጣም የቀዘቀዘ ወይን ሽታ አይሰጥም፣ ርካሽ ነጭ ወይን በረዶ ሆኖ የሚቀርበውም ለዚህ ነው።

ጠርሙሶቹን ካልሲ አልብሱ፣ ወይ በጋዜጣ ጠቅልሉ፣ ቁጥር ስጡ፣ የሚቀዳው ሰው አይቅመስ ወይ መጨረሻ ይቅመስ። ከዛ ቡና ቀማሾች የሚሠሩትን ሥሩ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሶስት ብርጭቆ፣ ሁለቱ ውስጥ አንድ አይነት፣ አንዱ ውስጥ የተለየ። የተለየው የቱ ነው? ይሄን መመለስ ካልቻላችሁ ሌላው ወሬ ሁሉ ትርፍ ነው፣ ርካሹን እየገዛችሁ ኑሩ፣ ብር ይተርፋችኋል፣ ቁም ነገሬን ነው።

ብርጭቆው አፉ ጠበብ ሆዱ ሰፋ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከሲሶው በላይ አትሙሉት። መጀመሪያ ሳታንቀሳቅሱ አሽትቱ። ከዛ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ አዙሩት፣ እንደገና አሽትቱ። የፋብሪካው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሽታ ደስ ይላል፣ ቫኒላ፣ ጃም፣ ቸኮሌት፣ ከዛ ግን እዛው ይቆማል። ከአንድ ማሳ የመጣው መጀመሪያ ዝግ ሊል ይችላል፣ ግን አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ስትመለሱ ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቃችኋል።

አንዴ ቤቴ ስንሞክር ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲቀምስ የኖረ አንድ ጋሼ መጥቶ ነበር፣ ወይን ብዙም አይጠጣም። ማንኪያ አምጡልኝ አለ። ሳቅን። እሱ ግን ወይኑን በማንኪያ ቀድቶ በዛ ቡና በሚስብበት ድምፅ ስርርር አድርጎ ሳበው፣ አፉ ውስጥ አንከባለለው፣ ስኒ ውስጥ ተፋው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየና «ይሄ መሬት አለው፣ ያኛው ስኳር ነው» አለ። ካልሲው ሲወልቅ ልክ ነበር። በአየር መሳቡ ለትርዒት አይደለም፣ ወይኑ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጣዕም የምንለየው እዛ ነው። መትፋቱም ነውር መስሎ ከታያችሁ ትንሽ ዋጡ፣ ግን አራተኛው ብርጭቆ ላይ ሁሉም ጣፋጭ ይሆንባችኋል።

አፋችሁ ውስጥ እያለ አራት ነገር ጠይቁ። ጣፋጭነት አለ ወይ? ከጎንና ከጎን ምራቅ ይመጣል ወይ? ያ አሲዱ ነው፣ ወይኑን ሕያው የሚያደርገው እሱ ነው። ድድ ያደርቃል ወይ? ያ ታኒን ነው፣ ከፍሬው ቆዳና ዘር ይመጣል፣ ጥሩ ታኒን ይይዝና ይለቃል፣ መጥፎው መራራ ሆኖ ይቀራል። የመጨረሻው ከሁሉም በላይ የምመለከተው ነው፣ ከዋጣችሁ ወይ ከተፋችሁ በኋላ በልባችሁ መቁጠር ጀምሩ፣ ጣዕሙ እስከ ስንት ይቆያል? የፋብሪካው ብዙ ጊዜ አምስት ሳይሞላ ይጠፋል፣ ስኳሩ ብቻ ይቀራል። ጥሩው አሥራ አምስትም ሃያም ቆጥራችሁ አሁንም አለ።

የተበላሸውን ከተለየው ለዩ

«ከትንሽ እርሻ ነው» ተብሎ የተበላሸ ወይን የሚያሞግስ ሰው አለ፣ እሱን አትስሙ። እርጥብ ካርቶን ወይ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ቡሹ ነው ያበላሸው፣ አየር ላይ ቢቆይም አይድንም፣ ደረሰኝ ካላችሁ መልሱት። የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ አለቀለት። ነጩ ወደ ቡናማ ሄዶ የጠወለገ ፖም የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶበታል። የከብት በረት ሽታ ግን ያከራክራል፣ ብሬት ከሚባል እርሾ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ከሆነ የሚወዱት አሉ፣ እኔ አልወደውም። ስሩ ላይ ዝቃጭ ካለ ወይ ቡሹ ላይ የመስታወት ስባሪ የሚመስል ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፣ አሲዱ በቅዝቃዜ ጠጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ እንደውም ብዙ እንዳልተጣራ ምልክት ነው፣ ቀስ ብላችሁ አጥልላችሁ ቅዱት።

ከቀማመሳችሁ በኋላ ምግብ ይምጣ። በርበሬ የአልኮሉንና የታኒኑን ኃይል ያጎላዋል፣ ስለዚህ ጠንካራ ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር አፍ ያቃጥላል፣ ለሱ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ይሻላል፣ አክሱማይት እዚህ ላይ ማንንም አያሳፍርም። ደረቁን ለጥብስ፣ ለቅቅል፣ ለአይብ ተዉት።

ከሁለቱም ጠርሙስ ትንሽ አስተርፋችሁ ክደኑና ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፣ በማግስቱ ማታ ቅመሱት። ይሄ ፈተና ሰው የሚረሳው ነው። የፋብሪካው ብዙ ጊዜ ዝሎ ስኳሩ ብቻ ቀርቶ ታገኙታላችሁ፣ በደንብ የተሠራው አንዳንዴ ከትናንቱ ይሻላል። ስልካችሁ ላይ የሌብሉን ፎቶ ከፊትም ከኋላም አንሱ፣ ስር ሁለት መስመር ጻፉ፣ «ሽታ፣ ድድ፣ ቆጠራ» ብቻ ይበቃል፣ ግጥም አያስፈልግም።

የወደዳችሁትን እርሻ ካገኛችሁ ቀጣዩ ግዢ ሌላ እርሻ አይሁን፣ የዛው እርሻ ሌላ ዓመት ይሁን። የፋብሪካ ወይን ላይ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ልዩነቱን ማግኘት ይከብዳል፣ ከአንድ ማሳ የመጣው ላይ ግን ዓመቱ ይሰማል፣ ለምሳሌ ኬፕ አካባቢ ድርቁ የበረታበት የእ.ኤ.አ. 2018 ምርት አነስተኛ ነበር፣ ውሃ ያነሰው ሐረግ ደሞ ፍሬው ደቃቅ ይሆናል፣ ደቃቅ ፍሬ ላይ ከጭማቂው አንጻር ቆዳው ስለሚበዛ ቀለሙም ታኒኑም ይጠነክራል። ባለሱቁ የአዲሱን ዓመት ምርት ሲያስመጣ አሮጌውን ቅናሽ ላይ ያወጣዋልና ሁለቱ መደርደሪያው ላይ አብረው ያሉበትን ሳምንት ጠብቁ፣ ስልኩን ያዙና ደውሉለት፣ አንድ አንድ አስቀምጥልኝ በሉት።